የመጨረሻዋን መንጋጋ አስነቅዬ መቼ ላጭስ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። የ27 ዓመት ወንድ ነኝ፣ የምጽፍልዎት ከጅማ ነው። ከትናንት በስቲያ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በግራ በኩል የታችኛዋን የመጨረሻ መንጋጋ አስነቀልኩ። አጥንት ውስጥ ተጋድማ ስለነበር ድዴ ተቀዶ ነው የወጣችው፤ ሦስት ቦታ ተሰፍቷል። በቀን 10 ሲጋራ ገደማ አጨሳለሁ። ቅዳሜና እሁድ እቅማለሁ። ትናንት ማታ አልቻልኩም፣ ጎዝ ነክሼ አንድ አጨስኩ። አሁን ያመኛል ግን ይቻላል። ያቺ አንዷ አበላሽታው ይሆን? መቼ ነው በሰላም ማጨስ የምችለው? ጓደኞቼ ሺሻ በውሃ ስለሚያልፍ ችግር የለውም ይላሉ። ጫቱንም በሌላው ጉንጭ ቃም ብለውኛል። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ስለሆነ ቶሎ ቢመልሱልኝ።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ተገላገልክ። ተጋድማ የበቀለች መንጋጋ ስንት ሌሊት እንደምታስነሳ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ያስጨነቀህን ልመልስ። ያቺ አንድ ሲጋራ አበላሽታዋለች? አይመስለኝም። «ያመኛል ግን ይቻላል» ማለትህ ደስ ይላል። በሁለተኛው ቀን እንዲህ ማመሙ የሚጠበቅ ነው። ጉንጭህ አብጦ ከሆነም አትደንግጥ። እብጠቱ የሚብሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፣ ከዚያ ይወርዳል። ግን «ተርፌያለሁ» ብለህ ፓኮውን እንዳታወጣው። ክፉው ጊዜ ገና አላለፈም። ያቺ የምትጠብቃት ቅዳሜ ደግሞ እመሃሉ ላይ ናት።

መቼ ላጭስ ላልከው ቁርጥ ያለ መልስ ልስጥህ፦ ቢያንስ እስከ ሳምንቱ ማክሰኞ አታጭስ። ሁለት ሳምንት ከቻልክ እሰየው። ምናልባት ከክሊኒኩ በሰጡህ ወረቀት ላይ «72 ሰዓት» የሚል አይተህ ይሆናል። 72 ሰዓቱ ነገ፣ አርብ ጠዋት ይሞላል። ጥያቄህን ሳነበው «አርብ ከሞላ ቅዳሜ ነፃ ነኝ» የሚል ስሌት ያለ መሰለኝ። ከተሳሳትኩ ይቅርታ። 72 ሰዓት ዝቅተኛው ነው፣ ያለ ችግር ተነቅላ ለወጣች ጥርስ የሚሆን። የአንተ ድድ ተቀዷል፣ አጥንትም ተነክቷል፣ አንተም አጫሽ ነህ። ለእንዳንተ ዓይነቱ ሰው እኔ ሳምንት ነው የምለው።

ለምን እንደምለው የሚገባህ ጉድጓዱ ውስጥ ምን እየተካሄደ እንዳለ ስታውቅ ነው።

ጥርሷ ስትወጣ ሥሮቿ የነበሩበት ቦታ አጥንቱ ውስጥ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ጉድጓዱ ደም ይሞላል፣ ደሙም ይረጋል። እጅህን ሲቆርጥህ እንደሚደርቀው ቅርፊት አይደለም። አፍ እርጥብ ስለሆነ ይሄኛው ለስላሳ ነው፤ በመስታወት ብታየው ጥሬ ጉበት ይመስላል። ከሥሩ ያለውን ራቁት አጥንትና የነርቭ ጫፍ ይከድናል። አዲሱ ሥጋም የሚያድገው እሱን ተደግፎ ነው። ቀጫጭን የደም ሥሮች ከጉድጓዱ ግድግዳ ተነስተው እሱን እየያዙ ይገባሉ። በሳምንት ገደማ ጉድጓዱ ለጋ ሥጋ ይለብሳል። ድዱ ከላይ እስኪገጥም ሦስት አራት ሳምንት ይወስዳል። አጥንቱ እስኪሞላማ ወራት ነው።

አንድ ነገር በቅንፍ፦ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ቁስሉ ላይ ነጣ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሽፋን ታያለህ። ብዙ ሰው መግል መስሎት በጥጥ ይፍቀዋል። መግል አይደለም፣ የሚድን ቁስል መልኩ ነው። ተወው።

ያ የረጋ ደም ከቦታው ከተነሳ ወይም ያለጊዜው ከሟሟ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል። አየሩም፣ ምራቁም፣ ሽሮውም እላዩ ላይ ነው። ይህን ነው ድራይ ሶኬት የምንለው። ስሙን ያወጣለት ክራውፎርድ የተባለ የጥርስ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1896። ደረቅ ጉድጓድ ማለት ነው፤ እኛ ሐኪሞች በአማርኛም «ድራይ ሶኬት» እያልን ነው የምናወራው። ከሚነቀሉ 100 ጥርሶች ከ1 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ይከሰታል። የታችኛዋ የመጨረሻ መንጋጋ ላይ ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል፣ በተለይ እንዳንተ በቀዶ ሕክምና ከወጣች። አጫሽ ላይ ደግሞ ከማያጨሰው ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ጥርሱ ከተነቀለ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ውስጥ ነው። ማክሰኞ ብለህ ቁጠርና ቅዳሜ የት እንደምትወድቅ እየው።

ሲጋራው ታዲያ ምን ያደርጋል? ሰው ሁሉ የሚያውቀው መሳቡን ነው። ስትስብ አፍህ ውስጥ ያለው አየር ወደ ውስጥ ይሰባል፣ የረጋውንም ደም ሊነቅለው ይችላል። ጎዝ ነክሶ የማጨስ ዘዴም የመጣው ከዚህ ነው። ጎዙ መሳቡን ያበርደዋል ተብሎ። እንደኔ እንደኔ ግን መሳቡ ከተገቢው በላይ ተወርቶለታል። የከፋው ወደ ደምህ የሚገባው ነው፣ እሱን ደግሞ ጎዝ አያቆመውም።

ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠባል። ድድና አጥንት ውስጥ ያሉት ደግሞ መጀመሪያውኑ ቀጫጭኖች ናቸው። ደም ጉድጓዱ ጋ በወጉ አይደርስም። አጫሽ ሰው ጥርስ ስነቅል ብዙ ጊዜ ልዩነቱን በዓይኔ አየዋለሁ፤ ጉድጓዱ ደም እስኪሞላ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከጭሱ ጋር የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አለ። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው የሚገድለው ጋዝ እሱ ራሱ ነው። ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ የደረሰችውም ደም ባዶ እጇን ነው የምትደርሰው። በዚያ ላይ ሙቀቱ፣ የጭሱ ኬሚካል፣ ጀርም የሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎች መዳከም አለ።

ደስ የሚለው ነገር፣ ይህ ጋዝ ቶሎ ይለቃል። ንጹህ አየር እየተነፈስክ ከሆነ በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከትናንት ማታዋ ወዲህ ካልደገምክ፣ ይህን በምታነብበት ሰዓት አብዛኛውን አራግፈኸዋል። በቀን 10 የሚያጨስ ሰው ግን ሳያራግፍ ሌላ ይጨምርበታል። ለአንዷ ያን ያህል ያልተቆጣሁት ለዚህ ነው። የምፈራው አንዷ የምትጠራቸውን ዘጠኙን ነው።

አሁን ወደ ሺሻው። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል። አለቀ፣ ሌላ ሥራ የለውም። ኒኮቲኑም ካርቦን ሞኖክሳይዱም ውሃውን አልፈው ይመጣሉ። እንዲያውም ላዩ ላይ የሚነደው ከሰል ስለሆነ ጋዙ ከሲጋራ ይበልጣል። አሳሳቡም ረጅምና ጥልቅ ነው። ሲጋራ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፣ ሺሻ ግን አንዴ ከተቀመጥክ ሰዓት ይፈጃል። በጅማ ዙሪያ ያሉ ሽማግሌዎች የሚስቡት ጋያም ያው ነው፣ እሱም በውሃ ነው የሚያልፈው። ቬፕ የሚባለው የኤሌክትሪክ ሲጋራም አብዛኛውን ጊዜ ኒኮቲን አለው፣ እሱም ይሳባል። ሱረትም ትንባሆ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ልጅ «ሲጋራ ታጨሳለህ?» ብዬ ጠይቄው «በጭራሽ» አለኝ። እኔም አመንኩት። በአራተኛው ቀን ድራይ ሶኬት ይዞ መጣ። ልብሱ አፕል አፕል ይሸታል። «አላጨስም አላልከኝም?» ስለው፣ በጣም ቅር ብሎት «ዶክተር፣ ሲጋራ ነው እኮ የጠየቁኝ!» አለ። ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ «ጭስ የሚባል ነገር አፍህ ይገባል?» ብዬ ነው የምጠይቀው።

ጫቱ ከሁሉም የባሰ ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላውራህ።

«በሌላው ጉንጭ ቃም» ያሉህ ጓደኞችህ ክፉ አላሰቡም። ግን አፍ ውስጥ ግድግዳ የለም። ቅጠሉ ሲታኘክ ይደቅቃል፣ ከምራቅ ጋር ይዞራል፣ የሚያርፈው ደግሞ ጉድጓድ ያለበት ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ የባጃጅ ሾፌር በአምስተኛው ቀን መጣ። ዝናብ ነበር፤ አገጩን በፎጣ ጠቅልሎ፣ አንድ እጁ ጆሮው ላይ ነው። የተነቀለው በቀኝ ነው፣ የቃመው በግራ ነው፣ በዚህ ይምላል። ከሁሉም በላይ የሚያመው ጆሮው ስለሆነ መጀመሪያ ፋርማሲ ሄዶ የጆሮ ጠብታ ገዝቷል። «ዶክተር፣ አይቆጡኝና ጤነኛውን ጥርስ ነው የነቀሉት» አለኝ። አፉን ከፍቼ መብራቱን ሳበራ ጉድጓዱ ባዶ ነው። ግድግዳው ግራጫ አጥንት፣ ግርጌው ላይ ደግሞ አረንጓዴ ነገር። ለብ ባለ ሳላይን (የጨው ውሃ) ሳጥበው አንዲት የቅጠል ቁራጭ ተንሳፋ ሳህኑ ላይ ወደቀች። እሷን እያየ ዝም አለ።

ከዚያ ጉድጓዱን ዩጂኖል በነካ ጎዝ ሞላሁለት። ዩጂኖል የቅርንፉድ ዘይት ዋናው ንጥረ ነገር ነው፣ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድ። አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ትከሻው ሲወርድ አየሁት። የመጀመሪያ ቃሉ «ቤቱ ሻይ ቤት ሻይ ቤት ሸተተኝ» የሚል ነበር።

(ይህን አንብበህ የቅርንፉድ ዱቄት እቤትህ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳትጨምር። ዱቄቱ ራሱ ባዕድ ነገር ይሆንብሃል፣ ዘይቱም ሲበዛ ያቃጥላል። ነጭ ሽንኩርትና አረቄም ያው ናቸው። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ድዱን ያቃጥላል እንጂ ህመሙን አያስታግስም።)

ወደ ጫቱ ልመለስ። የቅጠሉ ጉዳይ ትንሹ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ራሱ የደም ሥር ያጠባል፣ የደም ግፊትም ይጨምራል። አፍ ያደርቃል። ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ቁስል የሚድነው ደግሞ በምግብና በእንቅልፍ ነው። ሦስት አራት ሰዓት ማኘክ ለተቀደደው ድድና ለደከመው የአገጭ ጡንቻ ምን እንደሚያደርግ አንተው አስበው። በዚያ ላይ ለህመምህ ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ታዞልህ ይሆናል። እነዚህ በባዶ ሆድ ጨጓራ ይልጣሉ። የቃመ ሰው ደግሞ ሆዱ ባዶ መሆኑን እንኳ አይሰማውም። አንቲባዮቲክ እየወሰድክ ከሆነ ሌላም አለ፦ ጫት አምፒሲሊን ከሆድ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሳል፣ አሞክሳሲሊንንም በመጠኑ። ሜትሮኒዳዞል ካለህ ደግሞ ለጨብሲ የምትወስዳት ቢራ ወይም አረቄ ልታስመልስህ፣ ልብህንም ልታስመታ ትችላለች።

ዋናውን ነገር ግን አንተ ራስህ ታውቀዋለህ። በርጫ ላይ ሲጋራ ብቻውን አይመጣም። ጫቱ ሲጋራውን ይጠራል፣ ምርቃናው ሲገባ ሁለተኛው ይለኮሳል፣ ሺሻው ይዞራል፣ ለስላሳው ይከፈታል። በቀን 10 የሚያጨስ ሰው በርጫ ላይ ስንት እንደሚያጨስ ልጠይቅህ? አንተ ባታጨስ እንኳ የጎረቤትህን ጭስ ስትስብ ነው የምትውለው። ሕዝብ በሚሰበሰብበት ዝግ ቦታ ማጨስ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ክልክል ነው፤ ጫት ቤት ውስጥ ግን ማን ሰምቶት። ስለዚህ ቅዳሜን «ሄጄ ሳላጨስ እቀመጣለሁ» ብለህ አታስባት። ከሄድክ ታጨሳለህ። አለመሄድ ከሄዱ በኋላ ከመታገል በጣም ይቀላል።

ቡናን አልከለክልህም። ጅማ ተቀምጬ ቡና አትጠጣ ብል ማን ይሰማኛል? የመጀመሪያው ቀን ትኩስ ነገር አይፈቀድም ነበር፣ ያ አልፏል። አሁን አቦሉን ቀድተህ ለብ እስኪል ጠብቀው። በሌላው በኩል አድርገህ በቀስታ ጠጣ፣ ፉት ብለህ አትሳብ። ቡናውን ጭራሽ ብትተወው ራስ ምታት ይጨምርብሃል፣ እሱ ደግሞ ሲጋራ ያሰኝሃል። ችግሩ የቡና ቁርሱ ነው። ፈንዲሻና ቆሎ ለሁለት ሳምንት አይንኩህ። የፈንዲሻ ገለፈት ጉድጓድ ውስጥ ከገባ በመርፌ እንኳ አይወጣም።

ሐራራው የሚከብደው መቼ መሰለህ? ካቆሙ በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን። ከትናንት ማታዋ ስትቆጥር ይህ ማለት ነገና ቅዳሜ ነው። እያንዳንዱ ሐራራ ግን ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው፣ ካላጎረስከው ራሱ ይሄዳል። ፓኮውን ለሰው ስጥ። ኪዮስኩ በራፍህ ላይ ከሆነ ባለ ሱቁን «ለሳምንት እንዳትሸጥልኝ» በለው፤ ታካሚዎቼ ሞክረውት ሠርቶላቸዋል፣ ባለ ሱቆቹ ይስቃሉ ግን ያከብራሉ። ማታ ማታ ካልቻልክ ውጣና ቀስ ብለህ ተራመድ። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ በእግርህ ውጣ አላልኩህም፣ የጅሬን ዳገት አሁን አይሆንህም፤ ደም ግፊትህ ሲጨምር ቁስሉ ሊደማ ይችላል። ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን የኒኮቲን ፓች ካገኘህ ፋርማሲስቱን አማክረህ ተጠቀም። ፓችም ኒኮቲን ነው፣ ግን ጭስ የለው፣ መሳብ የለው፣ ከሲጋራው ይሻላል። የኒኮቲን ማስቲካውን ግን ተወው፣ ማኘክ ነው።

ይህን ሁሉ አንብበህም ልታጨስ ትችላለህ። ሰው ነህ። እንግዲያው አንዷን አጭሰህ ቁም፣ ጠንክረህ አትሳብ፣ ስትጨርስ አፍህን በኃይል አትጉመጥመጥ። ሐኪምህ ሲጠይቅህ ደግሞ እውነቱን ንገረው። ለእናትህ አንናገርም።

የቀረውን ባጭሩ። በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ በተለይ ምግብ ከበላህ በኋላ፣ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረህ አፍህን እጠብ። አትጉመጥመጥ። ውሃውን ያዝ፣ ራስህን ወደ ግራ ዘንበል አድርግ፣ ከዚያ አፍህን ከፍተህ ራሱ እንዲፈስ ተወው። እንትፍ ማለት የለም። እኛ ሰዎች ጥርስ ከተነቀልን መትፋት እንወዳለን፤ ቀኑን ሙሉ እንትፍ እንትፍ ስንል የረጋውን ደም አብረን እንተፋዋለን። ምራቅህን ዋጥ። ሌሎቹን ጥርሶችህን ቦርሻቸው፣ ስፌቱ አጠገብ ስትደርስ ቀስ በል።

ምግብ ላይ ጅማ መሆንህ ዕድል ነው፣ አቮካዶ ሞልቷል። ጁስህን ግን በማንኪያ ብላው፣ በስትሮ መሳብ ከሲጋራ መሳብ አይለይም። ለብ ያለ አጥሚት፣ እርጎ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ሙዝ፣ የተፈጨ ድንች። ጾም ላይ ከሆንክ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ ምስር ሾርባ፣ የለውዝ ቅቤ ከሙዝ ጋር ያስኬዳል። ገንፎም ጥሩ ነው፤ በርበሬውን ቀንሰው፣ ሚጥሚጣውን እርሳው።

መድኃኒቱን ሆድህ ውስጥ ምግብ ካለ በኋላ ዋጥ። ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን አብረው ይሄዳሉ፣ እንዲያውም ተደጋግፈው ይሻላሉ። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግን አንድ ዘር ናቸው፣ ሁለቱን አትደራርብ። ከደማህ ንጹህ ጎዝ አጥፈህ ቁስሉ ላይ አድርግና 30 ደቂቃ ሳታላቅቅ ንከስ። ጎዝ ከሌለህ በውሃ የራሰ የጥቁር ሻይ ከረጢት ይሠራል፤ ሻዩ ውስጥ ያለው ታኒን ደም ያቆማል።

ይህን የምታነብ እህት ካለሽ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ለምትወስድ ሴትም ድራይ ሶኬት ከፍ ይላል። አቁሚው አላልኩም። ከመነቀልሽ በፊት ለሐኪሙ ንገሪው።

ድራይ ሶኬት መሆኑን በምን ታውቃለህ? ህመም በየቀኑ እየቀነሰ መሄድ አለበት። ቀንሶ ቀንሶ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ድንገት ከተነሳ፣ ወደ ጆሮህና ወደ አንገትህ ከሄደ፣ የታዘዘልህ ክኒን ካልያዘው፣ አፍህ መጥፎ ሽታና ጣዕም ካመጣ፣ እሱ ነው ብለህ ተነሳ። ፋርማሲ ሄደህ ሌላ አንቲባዮቲክ አትግዛ። ይህ ከመጀመሪያው ኢንፌክሽን አይደለም፤ አንቲባዮቲክ ራቁቱን አጥንት አያለብሰውም። የሚያስፈልግህ ጉድጓዱን የሚያጥብና መድኃኒት ያለው ጎዝ የሚያስገባልህ ሰው ነው። ጎዙ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይቀየራል። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ውስጥ ይሻልሃል። አይገድልም፣ ግን የሚያሳድርህ ሌሊት ጠላትም አይመኘውም።

ከዚህ የተለየ ነገር ካየህ ግን አትጠብቅ። ትኩሳት ከመጣ፣ እብጠቱ ከሦስተኛው ቀን በኋላ እየጨመረ ከሄደ፣ መግል ከወጣ፣ አፍህ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደህ፣ ከምላስህ ሥር ወይም ከአገጭህ በታች ካበጠ፣ ሌሊትም ቢሆን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቅርብህ ነው። የታችኛው ከንፈርህ ወይም አገጭህ እስካሁን ከደነዘዘ ደግሞ ድንገተኛ ባይሆንም ለነቀለህ ሐኪም ዛሬውኑ ደውለህ ንገረው።

ስፌቱን በመስታወት እየው። ክሩ ጥቁር ከሆነ ብዙ ጊዜ ሐር ነው፣ ራሱ አይሟሟም፤ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ሄደህ ማስወጣት አለብህ። የሚሟሟ መሆኑን ካልነገሩህ ደውለህ ጠይቅ። ሲያወጡልህ «አንድ አጭሻለሁ» በላቸው፣ ጉድጓዱን ደህና አድርገው ያዩልሃል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ብዙ የጥርስ ክሊኒክ ቅዳሜ ከሰዓት ይዘጋል፣ እሁድም የለም። ስለዚህ አርብ ሌሊት ህመሙ ከቀሰቀሰህ «እስኪ ልየው» ብለህ እስከ ሰኞ አትቀመጥ። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲከፈት እዚያው ተገኝ።